ጽጌ የጠቆመችኝ ጥርስ

ይሄን ነገር ለማንም ሰው ነግሬው አላውቅም። አያትሽም ሳይሰማው ነው የሞተው። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩትም። የተጣላሁትን፣ የተሳደብኩትን፣ ጾም የገደፍኩበትን ሳይቀር ስናገር ኖሬ፣ እዚች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እንግዲህ ሳምሪ፣ እኔ እንዳልኩት አድርገሽ ጻፊው፤ እንዳታሳምሪው። ስትጨርሺ ለእናትሽና ለአጎትሽ ታነቢላቸዋለሽ፣ ዛሬውኑ። ከነሱ ሌላ የሚያነበው ካለም ያንብበው፤ ቄስ ባይሆንም እንደ ነፍስ አባት ሆኖ ይስማኝ።

ለምን ዛሬ ብትሉ፣ ልጄ ጽጌ ጉንጯን መምታት ጀምራለች። ጽጌ የበኩር ልጄ ናት። አሁን እሷም አርጅታ ፀጉሯ እንደኔው ነጥቷል፤ ግን ከተወለደች እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። የሰው ዓይን አታይም። ድንገት ከነኳት ትጮኻለች። ሳምሪ «ኦቲዝም ይባላል እምዬ፤ ጋኔን አይደለም፣ አፈጣጠሯ ነው» ብላኛለች። ያኔ ስሙን ማን ነግሮን! ሰሞኑን ታዲያ ምግብ እምቢ አለች፣ በቡጢ ቀኝ ጉንጯን ትደልቃለች። ትናንት ልጆቼ «ልጅ ሳለች ያዳናት ጸበል ይዘናት እንውረድ» ሲባባሉ ሰማሁ።

«ኧረ ጥርሷን ነው፣ ሐኪም ይያት» አልኳቸው።

«እማዬ ደግሞ! አንቺው አይደለሽ እንዴ የነገርሽን? ያኔም እኮ ጉንጯን ነበር የምትመታው። ጋኔን ነው፣ በጸበል ወጣላት ብለሽ አሳደግሽን» አለችኝ እናትሽ።

እውነቷን ነው። እኔ ነኝ ያልኩት። ውሸቴን እንደ እውነት ይዘውት አድገው፣ አሁን መልሰው ለኔው ይነግሩኛል። እኔ ዝም ካልኩ ልጄ ያንን ስቃይ በስተርጅናዋ ሁለተኛ ልትቀበለው ነው። ስለዚህ ልናገር።

ጊዜው በጃንሆይ ነው። ቤታችን አንኮበር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። እኔ ገና ልጅ እግር ነኝ፤ ጽጌ የወተት ጥርሷን መጣል የጀመረችበት ዕድሜ ነው። የልጅ ጥርስ ሲወልቅ ጣራ ላይ ይወረወራል አይደል? ጽጌ እምቢ አለች። ጥርሷን ድንጋይ ላይ እየመታች ድምፁን ትሰማዋለች። ጆሮዋን ደፋ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ጆሮዋንማ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ገንቦ ልገዛ ስሄድ እሷን ይዤ ነው የምሄደው። ገንቦውን በጥፍሯ ኳ፣ ኳ ታደርገዋለች። ደህና ከሆነ ዝም፤ ስንጥቅ ካለበት በእግሯ ገፋ። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ እኮ ነው! ሸክላ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩን «ይኸው መጣች የገንቦ ዳኛ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ልትጥል ይሆን» እያሉ ይስቁ ነበር። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሲያዜም የሰማችውን ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ታንጎራጉረዋለች፣ ያለ ቃል፣ አንዲት ሳታጎድል። አያትሽ እጁን አፉ ላይ ጭኖ «የኔ ጌታ! እኔ ስንት ዘመን ጥሬ እየለመንኩ የተማርኩትን ዜማ!» ይል ነበር። እግዜር እንዲህ ያለ ጆሮ ለማን ሰጥቶ ያውቃል?

እኔ ግን ይሄ ሁሉ አልበቃኝም። እኔ የፈለግሁት «እማ» እንድትለኝ ነው። ውሃ ስንቀዳ አንዷ ጎረቤቴ «ጽጌ ዛሬስ ምን አለችሽ?» ትለኛለች፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። እንስራዬን ተሸክሜ ዳገቱን ሳለቅስ ነው የምወጣው። ማታ ማታ «ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም፤ የኔዋ ውስጧ ተደብቃለች፣ አንድ ነገር ይዟት ነው፣ ሲለቃት ታወራኛለች» እል ነበር። ያቺን የምታወራውን ልጅ እየጠበቅኩ አጠገቤ ያለችውን አላያትም።

በዚህ መሐል ነው የታመመችው። ግራ ጉንጯን ትመታለች፣ ራሷን ከግድግዳ ታጋጫለች። ቆሎ ነፍሷ ነበር፤ ስሰጣት ትበትነዋለች። ሽሮው ካልቀዘቀዘ አትነካውም። አፏ ይሸታል። ይሄን ያየች እናት ምን ትላለች? ጥርስ ነዋ! እኔስ ምን አልኩ? «ጋኔኑ ተነሣባት» አልኩ።

ሳላውቅ እንዳይመስላችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥጥ ልገዛ ቆላ ወርጄ ነበር፣ አልዩ አምባ ገበያ። ጽጌን አስከትያታለሁ። ግርግሩ ጆሮዋን እያመማት በሁለት እጇ ይዛዋለች። ድንገት ቆመች። አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። ከዛ እጄን መንጭቃ፣ በሰው መሐል ሰንጥቃ ሄዳ፣ ኑር የሚባል ቅመም ሻጭ ፊት ቁጢጥ አለች። ያን ሁሉ ጆንያ ትታ፣ ኮረሪማውን ትታ፣ ዝንጅብሉን ትታ፣ እጇን ቅርንፉዱ ውስጥ ከተተች። አንዲቱን ፍሬ አኘከችና በጣቷ ወደ ግራ ጉንጯ ገፋቻት፣ ወደ ኋላ። ደግማ ሌላ። ደግማ ሌላ። እና ጸጥ አለች። ያን ሰሞን እንዲያ ጸጥ ብላ አይቻት አላውቅም። ፊቷ ተፈታ።

እስቲ ማን ነገራት? እኔ ቤት ቅርንፉድ ገብቶ አያውቅም። በሽታው የታወቃት እሷ፣ መድኃኒቱን በአፍንጫዋ አሽትታ ያገኘችው እሷ! ይሄ ተአምር ካልሆነ ተአምር ምንድን ነው? እኔ ግን የሰው ፊት ነው ያየሁት። «ሌባ!» ብዬ እጇን መታሁት። አፏን ፈልቅቄ ቅርንፉዱን በጣቴ ጠረግሁት።

«ኧረ ተያት እቴ!» አለኝ ኑር። «ጥርሷን እኮ ነው ልጅቱን! ወላሂ፣ እኔ ስንቱን ዓመት ስሸጠው እንዲህ አርጎ ቦታው የሚያስገባ አላየሁም።»

«ጥርስ አይደለም። ያለባት ነገር አለ» አልኩት።

«ያለባት ነገርም ቢሆን ጥርስ ካመመው ያው ቅርንፉድ ነው የሚሻለው» ብሎ ሳቀ፤ ከጎኑ ያሉትም ሳቁ። ጭብጥ ሙሉ በቅጠል ጠቅልሎ «ለሷ ነው፤ ካንቺ ምንም አልፈልግም» ብሎ ሰጠኝ።

አሁን ይሄንን በደንብ ጻፊ ሳምሪ። አፏን ስፈለቅቅ አየሁት። ከታች፣ ከኋላ፣ ጥቁር ብሎ የተቦረቦረ ጥርስ። ድዱ እንደ እሸት ባቄላ አብጧል። አየሁት። አየሁትና አፏን ዘጋሁት። ዳገቱን ስንወጣ ያን በቅጠል የተጠቀለለ ቅርንፉድ ገደል ወረወርኩት።

ለምን? ይሄ ነው ጭንቁ። ጥርስ ከሆነ፣ ተነቅሎ ያበቃል፤ ጽጌ ያቺው ጽጌ ናት። ዝም ያለችው ጽጌ። ጋኔን ከሆነ ግን ይወጣል፣ ሲወጣ ደግሞ ምላሷ ይፈታል! ጥርስ እንዲሆን አልፈለግሁም። ልጄ ጋኔን እንዲኖርባት የፈለግሁ እናት ነኝ። እናት እንዲህ ትመኛለች? እኔ ተመኘሁ።

እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችብኝም። በማግስቱ ጥጥ እየፈተልኩ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሰው የማትነካዋ ልጅ እጄን ያዘች። አመልካች ጣቴን ለይታ አወጣች፤ ሌሎቹን አጠፈቻቸው። ጣቴን አፏ ውስጥ አስገባችና እዛ ጥርስ ላይ አኖረችው። ጣቴን ይዛ ጠበቀችኝ። ትኩሳቷ በጣቴ ይገባል። ከዚህ በላይ ንግግር አለ? ስንት ዓመት «ምነው ባወራችኝ» ስል ኖሬ፣ ይኸው አወራችኝ! እኔ ጣቴን አውጥቼ በነጠላዬ ጠረግሁትና እንዝርቴን አነሣሁ።

በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ካለው ጸበል ሱባኤ ገባን። የሚያጠምቁት ቄስ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቀድመው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሌላ ሕመም እንዳይኖራት። ጆሮዋን፣ ጥርሷን አይታችኋታል?»

«ምንም የላትም አባ።»

«አንቺው አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ለካህን ዋሸሁ፣ በጸበሉ ደጃፍ። እሳቸው በኔ ቃል ነው የሠሩት። ጸበሉንም እሳቸውንም አልወቅስም፤ እኔ እውነቱን ብናገር «ሂጂ መጀመሪያ ጥርሷን አስነቅይላት» ይሉኝ ነበር።

የአንኮበር ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ። ያ ውሃ በዛ ባበጠ ጉንጭ ላይ ሲወርድባት እጇን እኔ ነኝ የያዝኳት። በባዶ ሆዷ ናት። ከጸበል መልስ የሚቀመሰው የተነከረ ሽንብራ ነው፤ በዛ ጥርስ ሽንብራ ይታኘካል? ረኃቡም በላይዋ ላይ መጣ። ትጮኻለች፤ ሰዉ «እየተቃጠለ ነው፣ በርቺ» ይለኛል። አንድ ቀን ከጩኸቷ መሐል «እማ» የሚመስል ድምፅ ወጣ። ቃል ነበር? አልነበረም። አፉ ያበጠ ልጅ ሲያለቅስ እንዲያ ነው የሚለው። እኔ ግን እልል አልኩ። የልጄ ጩኸት ላይ እልል አልኩ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ሸለቆው በእልልታ ተሞላ። ያቺ ስንጥቅ ገንቦ ከደህናው የምትለይ ጆሮ ያን ጊዜ የእናቷን ድምፅ ከእልልታው ለይታ ሰምታዋለች። እኔ ስንት ሌሊት ይሄን አስቤ እንዳደርኩ።

ከዛ ጉንጯ ፈነዳ። መግሉና ደሙ በአገጯ ሥር ቀዶ ወጣ። ሰዉ «ወጣላት!» አለ። እውነትም ጸጥ አለች፣ ተኛች፣ ውሃ ጠጣች። መግሉ ሲፈስ ሕመሙ ስለቀነሰ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። ሰው ግን መጥቶ ያያታል፣ ይሳለማል፤ «እንዴት ያለሽ ጽኑ እናት ነሽ!» ይሉኛል። ያቺ ጎረቤቴም ጠላ ይዛ መጣች። ጽጌ አገጭ ሥር ያለውን ጠባሳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «የወጣበት ምልክት» ስትሉት ነው ያደጋችሁት። የጥርስ መግል ነው የወጣበት።

አላወራችኝም። ምላሷ አልተፈታም። ጥቂት ሰንብቶ ጉንጯ እንደገና አበጠ፣ ቁስሉ መግል ማፍሰስ ጀመረ። አሁን ፈራሁ። ምን ፈራሁ? ልጄ እንዳትሞት፣ አዎ። ግን ውሸቴ እንዳይታወቅም ፈራሁ። ለአያትሽ «የሱፍ ባናዬን ሸጬ ወንድሜንም ጠይቄ ልምጣ» ብዬ፣ ጽጌን በበቅሎ ጭኜ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፤ እዛ ሐኪም ቤት ጥርስ የሚነቅል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ድሬሰሩ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ነው። አገጯን ሊይዛት ሲል ነከሰችው።

«ኧረ የዚችስ ጥርስ ደህና ነው!» አለ እጁን እያራገፈ። «እትዬ፣ ያዣት እንግዲህ፤ ሰዎችም እጠራለሁ፣ እናስራታለን።»

በዛ ግብግብ መሐል ቀጭኗ የብረት መሣሪያ እጁን አምልጣው ብረት ሳህኑ ላይ ወደቀች። ድንን አለች። ጽጌ ለቅሶዋን አቋረጠች። አንገቷን ወደ ሳህኑ ሰበር አደረገች።

ያኔ አወቅኩ። «ጌታው፣ አይሰሯት። በዛች ብረት መጀመሪያ የኔን ጥርስ ይምቱልኝ» አልኩት።

«የታመመችው አንቺ ነሽ እሷ?»

«እርስዎ ብቻ ይምቱልኝ፣ ቀስ አርገው፣ ትስማው።»

እየሳቀ አስቀመጠኝ። አፌን ከፈትኩ። አንድ በአንድ ቲን፣ ቲን፣ ቲን ያደርጋል። ጽጌ ቀረበች። አንዷ ድሮ የሞተች ጥርሴ ላይ ሲደርስ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠች። ጽጌ ሳቀች! ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። እጁን ይዛ ብረቷን መልሳ እዛችው ጥርስ ላይ አስደገመችው። ሰውየው ሳቁን አቆመ። ከዛ ልጄ እኔን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ አፏን ከፈተች። ማንም ሳይዛት። የራሷን ጥርሶች ልትሰማ!

እሱም በትዕግሥት መታላት። ቲን፣ ቲን። የታመመችዋ ጋ ሲደርስ ተንዘፈዘፈች፣ ግን አፏን አልዘጋችም። እጁን ያዘችና ብረቷን እዛው አቆመችው። ይቺ ናት ማለቷ ነው። ለኔ ያሳየችኝን ለሱም አሳየችው፤ እሱ አየላት። «እኔ በዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሞኝ አያውቅም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መርፌውን ስታይ ጮኻ ወረደች፤ አልያዛትም፤ ሳህኑን እየመታ ጠበቃት። ተመልሳ ወጣች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ጥርሷ ወለቀ።

ይሄንን እንደ ጽድቅ አትቁጠሩልኝ። እንዲያውም ይሄ ነው የሚፈርድብኝ። ልጄን እንዲያ አድርጌ አውቃት ነበር ማለት ነው! በምን እንደምትረጋ፣ በምን እንደምትከፈት አውቃለሁ። ታዲያ ጣቴን ይዛ ስትጠብቀኝ ያ እውቀቴ የት ሄዶ ነበር?

የወለቀውን ጥርስ ከሳህኑ አንሥታ ቋ አደረገችው፣ ሰማችው። መዳፌን ዘረጋሁላት። አልፋኝ ሄዳ በድሬሰሩ መዳፍ ላይ አኖረችውና ጣቶቹን አጠፈቻቸው። ከዛ ወዲህ ጣቴን ይዛ አታውቅም። ጸጉሯን አበጥራታለሁ፣ እግሯን አጥባታለሁ፤ አፏ ጋ ግን እጄ አይደርስም።

ሰውየው ጥርሷን ለኔ ሰጠኝና መከረኝ። «ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ ጥርስሽን ፋቂ። እሷን አታስገድጃት።» እንዳለኝ አደረግሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። አንድ ቀን ወይራ መፋቂያ አነሣች። ይኸው እስካሁን ወይራ እንጂ ሌላ አትነካም፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ደጃፍ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። ሰሞኑን ግን መፋቂያዋን ጣለችው። ጥርሷን ነው ያልኳችሁ በዚህ ነው።

ጥርሱን ምን አደረግሽው አትሉኝም? ደብረ ብርሃን ያለው የበሬሳ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። ቤቴ ገባሁና «ባናው ተሸጠ» አልኩ። ያላየሁትን ተአምር ለዓለም ሳወራ ኖርኩ፤ በዓይኔ ያየሁትን ተአምር ቀበርኩት። ማንም ሳይዛት አፏን የከፈተች ልጅ ወሬዋ ሳይነገር ቀረ፣ ውሸቴን ያጋልጥብኛል ብዬ።

ሳላውቅ ቢሆን ልጅነት ነው እል ነበር። ዘመኑ ነው እል ነበር። አውቄ ነው። ቁራሽ ፍቅር ያጣሁም አይደለሁም፤ ጣቴን ይዛ ነበር። ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፣ የበደልኳት ደግሞ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የምታውቀው እሷ ናት፤ በቃል አትነግረኝም፣ በሌላ እንዳትነግረኝም ያደረግኋት እኔ ነኝ።

አሁን የምፈልገው ይሄ ነው። ነገ ጠዋት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። አትያዟት፣ አትሰሯት። ሳምሪ፣ አንቺ ቀድመሽ ወንበሩ ላይ ውጪና አፍሽን ክፈቺ፤ ጥርስሽን ቀስ ብለው ይምቱልሽ፣ ትስማው። እሷ ስትደርስ ራሷ ታሳያችኋለች። እጃችሁን ከያዘች እንዳትነጥቋት።

በይ እንግዲህ ተነሽ፣ አንብቢላቸው። እናትሽ ትቆጣ ይሆናል፣ አጎትሽም ይጮኻል። በሩን ክፍት ተይው፤ የሚሉኝን ልስማ።